ሻጩን ነጠላ አልብሼ የፈተንኩት ካሜራ

ትንሽ ካሜራ ልገዛ ነው ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ያልመከረኝ ሰው የለም። ግማሹ «ስልክሽ ምን ሆነ?» ይለኛል። ግማሹ ደግሞ «ከገዛሽ አይቀር ትልቁን ግዢ» ይላል። ትልቁ የሚሉት ሰርግ ላይ ቪዲዮ ቀራጮች አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩትን ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከቁልፍና ከሶፍት ጋር የሚገባ፣ ስክሪኑን በጣት ነካ ሲያደርጉት የሚሰማ ካሜራ። ጣቴ ስልክ ለምዷል። አሁን ደርሶ በቀስት ቁልፍ ወደ ላይ ወደ ታች እያልኩ ሜኑ ስፈልግ ልዋል?

ስልኬ ምንም አልሆነም። ቀን ላይ፣ ቅርብ ያለ ሰው፣ ለቴሌግራም የሚሆን ፎቶ አሳምሮ ያነሳል። ጉዱ የሚፈላው እማዬን ተከትዬ ማኅሌት ስሄድ ነው። ጨለማ ነው። ያለው ብርሃን የጧፍ ነው። ስልኬ ጨለማውን በራሱ ጊዜ ሊያስተካክል ሲል የሰውን ፊት አለስልሶ መስመሩን ሁሉ ያጠፋዋል። እማዬ የራሷን ፎቶ አይታ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብላኛለች። ዙም ካደረግኩማ የከበሮውን ጠፍር ከመቺው እጅ መለየትም ያስቸግራል።

ሻጭ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠሩላችሁ ሜጋፒክስል ነው። «ይኼ 20 ነው፣ ያኛው 24 ነው፣ ይኼ ደግሞ 48 ነው።» እለፉት። ዋናው ጥያቄ ከሌንሱ ኋላ ሆኖ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ሴንሰር ስፋቱ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ኮምፓክት የሚባሉት የርካሾቹ ትንንሽ ካሜራዎች ሴንሰር ወርዱ 6.2 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የምስር ፍሬ ታክላለች። ባለ አንድ ኢንች የሚባሉት ግን 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ናቸው። በስፋት ሲሰላ አራት እጥፍ ይሆናል። በጧፍ ብርሃን ልዩነት የሚያመጣው ይኸው ነው። ስለዚህ ፍለጋዬን ባለ አንድ ኢንቾቹ ላይ ገደብኩት።

እነሱም ቢሆኑ እንደ ልብ አይገኙም። ሲፓ የሚባለው የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሌንሳቸው የማይነቀል ካሜራዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ለገበያ ወጥተው ነበር። በ2023 ከ2 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። ስልክ በላቸው። ፋብሪካዎቹም አብዛኛውን ሞዴል እርግፍ አድርገው ተዉት። ከዚያ የቲክቶክ ልጆች ድንገት ትዝ አላቸው። ያረጀው ሁሉ ተፈላጊ ሆነና ዋጋው ሰማይ ነካ።

በእኛ በኩል ደግሞ ዶላሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ባለ አንድ ኢንቹ ካኖን ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 ሲጀምር ዋጋው 750 ዶላር አካባቢ ነበር። በድሮው ምንዛሪ 43 ሺህ ብር ገደማ መሆኑ ነው። በ100 ብር ብቻ እንኳን ብናሰላው 75 ሺህ ይመጣል። ይኼ እንግዲህ ሻጩም፣ አምጪውም፣ ደላላውም ገና ምንም ሳያተርፉ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣበትን ዕቃ በቴሌግራም ፎቶ አይቶ «ላኩልኝ» ማለት አንጀቴ እሺ አላለኝም። በእጄ ይዤ፣ በጣቴ ነክቼ፣ የራሴን ሰውና የራሴን ብርሃን አሳይቼው ነው መግዛት ያለብኝ።

ሻጩ «ታች ነው»፣ ማለትም ስክሪኑ በጣት ይታዘዛል ሲለኝ ገና ምንም አልነገረኝም። ታች ከታች ይለያል። የድሮዎቹ ጫን ካላሏቸው የማይሰሙ ነበሩ፤ ጥፍር ወይ እስክሪብቶ ይፈልጋሉ። የአሁኖቹ እንደ ስልክ ለስለስ ብሎ ለነካቸው ጣት ይመልሳሉ። ከአሁኖቹም መሃል ልዩነት አለ። ባለ አንድ ኢንቹ የሶኒ አርኤክስ100 አምስተኛው ሞዴል ጭራሽ ታች የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ከስድስተኛው ጀምሮ ነው የመጣው። መጥቶም ስክሪኑን ስትነኩት ፎከስ ያደርጋል እንጂ ሜኑውን በጣት አያስከፍትም። ሜኑ ውስጥ ከገባችሁ ወደ ቁልፍ መመለስ ነው። የካኖኖቹ ጂ7 ኤክስ ግን ሜኑውም፣ ፎቶ ማየቱም፣ ፎከሱም በጣት ይሄዳል። ለእኔ ዓይነቷ የስልክ ምርኮኛ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ከጃፓን ስለሚመጡ ያገለገሉ ካሜራዎችም አንድ ነገር ልጨምር። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ መምረጫ የላቸውም። ዋጋው ረከስ ብሎ ካገኛችሁት ሜኑውን ሳታዩ አትደሰቱ። የአማርኛ ሜኑ ያለው ካሜራማ አይቼም አላውቅ። ቀኑም በፈረንጅ ነው የሚሞላው። የእማዬን የማኅበር ፎቶዎች በወር በወር ለመደርደር ራሴው መቁጠር አለብኝ ማለት ነው።

መጀመሪያ ያየሁትን ካሜራ ስሙን አልጠራም። ልጁ ከመሳቢያ አውጥቶ ሲሰጠኝ ያበራል፤ ላዩ ላይ ጭረት እንኳን የለውም። «ስላይትሊ ዩዝድ ነው እህቴ፣ ከፓክድ አይለይም» አለኝ። ስክሪን ፕሮቴክተሩን አንሳልኝ አልኩት። ቅር እያለው አነሳው። ከዚያ የዋይፋይ ስም መጻፊያው ጋ ገባሁና ኪቦርዱ ላይ ያሉትን ፊደሎች ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ነካኋቸው። በግራ በኩል ያለው ዳር ሞቷል። «ኤ» አልጻፍም አለ። «ኪው» አልጻፍም አለ። ልጁ ስክሪኑን በሸሚዙ ጠርጎ ራሱ ሞከረው። ለእሱም እምቢ አለው። መሃሉን ብቻ እየነካ ለሚፈትን ሰው ይኼ ስክሪን ደህና ነው። ፎቶ ሲያነሳ ግን ሰው ሁልጊዜ መሃል አይቆምም። ኪቦርዱን ካላገኛችሁት አንድ ፎቶ ክፈቱና በሁለት ጣት አጉሉት፣ ከዚያ በአራቱም ማዕዘን ጎትቱት። የሚንተባተብ ቦታ ካለ እዚያው ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ሱቅ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው። እዚያ ያገኘሁት ካኖን ጂ7 ኤክስ ማርክ 2 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። 20 ሜጋፒክስል፣ የአንድ ኢንች ሴንሰር፣ የሌንሱ ዙም ከ24 እስከ 100 ሚሊሜትር የሚሄድ፣ ብርሃን መቀበያው ከኤፍ 1.8 የሚጀምር። ክብደቱ ከነባትሪው 319 ግራም ነው። ስክሪኑ ወደ ላይ 180 ዲግሪ ይገለበጣል። ሰልፊ ለሚወዱ ጥሩ ነው፤ እኔ የተጠቀምኩበት ግን ወደ ታች የሚታጠፈውን 45 ዲግሪ ነው። ሰው በተጨናነቀበት ካሜራውን ከራስ በላይ አንስቶ ለማየት ይመቻል።

እና እዚህ ጋ ነው ነጠላዋ የገባችው።

ስልክ ላይ የሰው ፊት ስትነኩ ሁለት ነገር ይሆናል። ፎከሱ እዚያ ይሄዳል፤ ፊቱም ይፈካል። ብዙ ካሜራዎች ላይ ግን ስትነኩ የሚታዘዘው ፎከሱ ብቻ ነው። የብርሃኑን መጠን ካሜራው አጠቃላይ ትዕይንቱን አይቶ በራሱ ይወስናል። ካሜራ ደግሞ ነጭ ነገር ሲበዛበት «በጣም በራ» ይልና ያጨልማል። የእኛን ሰው አስቡት። ጠይም ፊት፣ ዙሪያውን ነጭ ነጠላ፣ ከላይ የቀትር ፀሐይ። ነጠላው ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ፊቱ ይጠቁራል። የጥምቀትና የመስቀል ፎቶዎቻችን ግማሾቹ እንደዚያ ናቸው።

ስለዚህ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና ለሱቁ ልጅ ሰጠሁት።
«ምን ላድርገው?»
«ልበሰው። በር ላይ ቁምልኝ።»
«እኔን ልታነሺ ነው? ካሜራውን ነው የምትገዢው እኔን?»
ጎረቤት ያሉት የስልክ ሻጮች ሳቁበት። እሱም እየሳቀ ተከናነበና ብርሃኑ የሚገባበት በር ላይ ቆመ። ፊቱን ነካሁ። ትንሿ ካሬ ወዲያው ፊቱን ያዘች። ወደ ግራ ሄደ፤ ተከተለችው። ተጫንኩ። እንደጠበቅኩት ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። ከዚያ ካሜራው አናት ላይ በቀኝ በኩል ያለችውን የብርሃን ማዞሪያ አገኘኋት። ከ3 ሲቀነስ እስከ 3 ሲደመር ትሄዳለች። ወደ መደመሩ በኩል ትንሽ አዞርኳት። አንድ ሊሞላ ሲል ፊቱ ወጣ፣ ነጠላውም ነጭ ሆነ። ጥለቱ ላይ ያለው ቀይና ቢጫ አልጠፋም። ከዚያ በላይ ሳዞራት ግን ጥለቱ ራሱ ነጭ ውስጥ ሰጠመ።

ይቺ ማዞሪያ ናት ልቤን የወሰደችው። ጣቴ ፊቱን ይነካል፤ አውራ ጣቴ ብርሃኑን ያዞራል። ሜኑ ውስጥ መግባት የለም። ይኼን ስራ በስክሪን ብቻ የሚያሠሩ ካሜራዎች አሉ። አንዴ ነክታችሁ መስመር ታወጣላችሁ፣ መስመሩን ትጎትታላችሁ፣ እስከዚያ ቄሱ አልፈዋል። ታች ስክሪን ጥሩ የሚሆነው የቁልፍን ስራ ሁሉ ጠቅልሎ ካልወሰደ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉንም ስክሪን ላይ የጫነ ካሜራ ለሻጭ መደርደሪያ ያምራል፤ ለጃንሜዳ ግን አይሆንም።

ጃንሜዳ ካልኩ አይቀር። ባለፈው ጥምቀት የአክስቴን ልጅ ካሜራ ተውሼ ሄጄ ነበር። ጠበሉ ሲረጭ ስክሪኑ ላይ ጠብታ አረፈ። ካሜራው በራሱ ጊዜ ፎከስ ይቀያይር፣ ፎቶ ያነሳ፣ ሜኑ ይከፍት ጀመር። ይኼ ዓይነት ስክሪን የጣትን ኤሌክትሪክ ነው የሚያነበው፤ ለውሃ ጠብታም እንደ ጣት ሊመልስ ይችላል። በዚያ ላይ ነክቶ ማንሻው ስለበራ፣ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ሆዴን በተደጋጋሚ ፎቶ አንስቶታል። ጋቢዬ ቁልፍ የሌለው ልብስ መሆኑን ከዚያ ፎቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ስለዚህ ቦሌው ሱቅ ውስጥ ከሃይላንዴ ጣቴን አርጥቤ ስክሪኑ ላይ ሁለት ጠብታ ጣል አደረግኩ። ልጁ ሊጮህብኝ ምንም አልቀረው። እንደፈራሁትም ጠብታዋን ጣት መሰላት። ጥያቄው እሱ አልነበረም። ነክቶ ማንሳቱን ማጥፋት ይቻላል ወይ የሚለው ነበር። ይቻላል። ፎከሱን በጣት ትቶ ማንሳቱን ለቁልፉ መስጠት ይቻላል። እኔም እንደዚያው ነው የምይዘው።

ማኅሌት ላይ ደግሞ ድምፅ አለ። ስክሪኑን በነካችሁ ቁጥር «ጢጥ» የሚል ካሜራ ይዛችሁ መቅደስ አጠገብ አትቁሙ። ድምፁን አጠፋሁት። ጨለማ ሲሆን ፎከስ ለማድረግ ከፊት የሚበራ ትንሽ መብራት አለው፤ እሱንም ከሜኑው አጠፋሁት። ከዚያ ልጁ የሱቁን መብራት እንዲያጠፋልኝ ለመንኩትና በስልኬ ስክሪን ብርሃን ብቻ አነሳሁት። ፎከሱ ትንሽ ተንገዋለለና ያዘ። ፎቶው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ አለ። ግን ፊቱ ፊት ነው። ጺሙ ጺም ነው። ስልኬ ይኼን አይሰጠኝም።

የቀትሩን ፀሐይ ለመሞከር መታወቂያዬን አስይዤ መንገድ ላይ ወጣሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ አትቀለድም። ይኼ ካሜራ ዓይን የሚያስጠጉበት መመልከቻ የለውም። ያለው ስክሪኑ ብቻ ነው። ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጌ እንኳን የራሴን ፊት ነው ያየሁት። ስክሪኑን ወደ ታች አጥፌ በእጄ ስከልለው ትንሽ ይሻላል። መመልከቻ የግድ የሚል ሰው ሶኒውን ቢያይ ይሻለዋል። የሰባተኛው አርኤክስ100 መመልከቻ ከአናቱ ላይ ብቅ ይላል፣ ዙሙም እስከ 200 ሚሊሜትር ይሄዳል። ግን ሲወጣ 1,200 ዶላር ገደማ ነበር። እኔ እጄን ጥላ ማድረግ ይሻለኛል።

የቀረው ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሁሉ የሚያየው ነው። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግሜ አስኬድኩ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ። የሚንኳኳ ወይ የሚያቃስት ሌንስ አንድ ቀን ወጥቶ ይቀራል። የስልኬን ባትሪ መብራት በሌንሱ ውስጥ አበራሁ። ሻጋታ ካለ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ከዚያ የብርሃን መቀበያውን ቀዳዳ እስከ መጨረሻ አጥብቤ፣ ኤፍ 11 ላይ አድርጌ፣ ነጩን ግድግዳ አነሳሁና ፎቶውን አጉልቼ ጥቁር ነጥብ ፈለግኩ። የዚህ ዓይነት ካሜራ ሌንሱ አይነቀልም፤ ውስጡ አቧራ ከገባ ሳይፈታ አይጸዳም። በአቧራ አገር የምንኖር ሰዎች ነን።

ቪዲዮ ላይ ሳልጠብቀው አንድ ነገር አገኘሁ። የሱቁ መብራት በቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመር እየሠራ ይወርዳል። ልጁ «መብራቱ ነው፣ ካሜራው አይደለም» አለኝ። ግማሽ እውነት አለው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል። ካሜራው ከአሜሪካ ስለመጣ ለ60 ኸርዝ የተስተካከለ ነበር። ሜኑው ውስጥ የ60 ኸርዙን ኤንቲኤስሲ ወደ 50 ኸርዙ ፓል ቀየርኩና ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ ያዝኩት። መስመሩ ጠፋ። ከአሜሪካ ዘመድ ካሜራ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ይኼን አትርሱ። «ተበላሽቶ መጣ» ተብሎ የተጣለ ስንት ካሜራ ይኖራል።

ባትሪው ደካማ ጎኑ ነው። ፋብሪካው ራሱ በአንድ ቻርጅ 265 ፎቶ ገደማ ይላል። ስክሪኑ ሁልጊዜ መብራት አለበት፤ ከስክሪኑ ውጪ መመልከቻ የለማ። ደግነቱ በማይክሮ ዩኤስቢ ቻርጅ ይደረጋል፤ መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ ይሰካል። ሱቁ ውስጥ ከካሜራው ጋር ያለው ባትሪ ግን ኮፒ ነው። ወገቡ ላይ ትንሽ አብጧል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በጣቴ ሳሽከረክረው ዞረ። ደህና ባትሪ ጠፍጣፋ ነው፣ አይዞርም። ለልጁ አሳየሁት። ዋጋው ላይ መጀመሪያ ያስቀነስኩት በእሷ ነው።

«በምርቃት» ያለኝን ሜሞሪም አልፈለግኩም። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ይላል። እንደዚህ ዓይነቶቹ ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ከ8 ወይም ከ16 አያልፍም። ካሜራው 128 ብሎ ያሳያል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን የሚጽፈው ወደ ባዶ ነው። ፎቶዎቹ እንደገቡ ይመስላሉ፣ ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱ የሉም። የራሴን ሜሞሪ ይዤ ሄጄ ስለነበር ያነሳኋቸውን የሙከራ ፎቶዎች ሁሉ ቤት ወስጄ በኮምፒውተር አየኋቸው። ልጁ ነጠላ ለብሶ የሚስቅበት አለ። እማዬ አይታ «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለች። በዚህኛው ሰው መሆኑ ታውቋል።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ይኼን ሁሉ ሰምቶ ሳቀ። «ማርክ 3 አዲሱን ልግዛልሽ፣ የሚመጣ ሰው አለ» አለኝ። አሰብኩበት። ማርክ 3 4ኬ ቪዲዮ አለው፤ የማይክ መሰኪያ አለው፤ በዋይፋይ ወደ ዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ይሠራል። ዩቲዩብ የሚሠራ ሰው እሱን ይግዛ እላለሁ። የእኔ ካሜራ ግን የሚሄደው ማኅሌት፣ ክርስትናና የእማዬ የጽዋ ማኅበር ነው። ሴንሰሩ ስፋቱ ያው ነው፤ ሌንሱ ያው ከ24 እስከ 100 ነው። ባትሪውማ በፋብሪካው ቁጥር ጭራሽ ያንሳል፤ 235 ፎቶ ነው። ቦሌው ካሜራ ላይ ጠብታውንም፣ ጨለማውንም፣ ነጠላውንም በራሴ ጣት ሞክሬያለሁ። በካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን ማን ይሞክርልኛል?

«የማርክ 2ቱን ኦሪጅናል ባትሪ ሁለት፣ ከትልቅ ሱቅ የተገዛ ሜሞሪ አንድ ላክልኝ» አልኩት። ልጁ ጋ ደወልኩና በአበጠው ባትሪ ያስቀነስኩትን ዋጋ እንዳይረሳ አስታወስኩት።